የሕፃናት ድምፅ፦ ወንድና ሴቱን የሚለየው ማንቁርት ነው ወይስ ልማድ?

በር ተንኳኩቶ «ማነው?» ስንል ከውጭ «እኔ ነኝ» የሚል የልጅ ድምፅ እንሰማለን። በአማርኛችን «እኔ ነኝ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። እኛ ግን ለመመለስ «ግባ» ወይም «ግቢ» ማለት አለብን። ስለዚህ ልጁን ሳናይ በድምፅ ብቻ ፆታ እንፈርዳለን ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ እናገኘዋለን፤ አንዳንዴም እንስታለን። ታዲያ ምኑን ሰምተን ነው የምንለየው? ነገሩ ተራ ይምሰል እንጂ ነገ ክፍል ገብተን በልጆች ፊት ለምንቆመው ዕጩ መምህራን ትልቅ ቁም ነገር አለው።

በቅድሚያ ድምፅ እንዴት እንደሚፈጠር እንመልከት። ከሳንባ የሚወጣው አየር በማንቁርት ውስጥ ያሉትን ሁለት የድምፅ አውታሮች ያርገበግባቸዋል። የአውታሮቹ ነገር እንደ ክራር ጅማት ነው፤ አጭርና ቀጭን ሲሆኑ ድምፁ ይቀጥናል፣ ረጅምና ወፍራም ሲሆኑ ይጎረንናል። ሁለተኛው ነገር ድምፁ ከማንቁርት ተነሥቶ እስከ ከንፈር የሚያልፍበት የጉሮሮና የአፍ ዋሻ ነው። አንድ ሰው አፉን እንስራ ላይ ደቅኖ ቢናገርና ጣሳ ላይ ደቅኖ ቢናገር ቃናው አንድ ዓይነት አይሆንም። ዋሻው ሲረዝም ቃናው ይከብዳል፤ ሲያጥር ይሳሳል።

በአዋቂዎች ዘንድ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የወንዱ አውታሮች ርዝመት ከ17 እስከ 25 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የሴቷ ከ12 ተኩል እስከ 17 ተኩል ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለሆነም በንግግር ጊዜ የወንዱ በሰከንድ 120 ጊዜ ያህል፣ የሴቷ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። የ7 ወይም የ8 ዓመት ልጅስ? ወንድም ሆነ ሴት፣ ከ250 እስከ 300 ጊዜ ገደማ ነው። ይኸውም በዚያ ዕድሜ የሁለቱ ማንቁርት በመጠን በጣም የተቀራረበ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊችና ጊድ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ2 እስከ 25 ዓመት የሆናቸውን 129 ሰዎች በማግኔት ምስል መርምረው የዋሻውም ርዝመት ቢሆን በወንድና በሴት መካከል ጎልቶ የሚለያየው ከጉርምስና ወዲህ መሆኑን አሳይተዋል። ጉርምስና ሲመጣ ቴስቶስተሮን የተባለው ሆርሞን የወንዱን ማንቁርት ያሳድገዋል፤ ድምፁም አንድ ኦክታቭ ያህል ይወርዳል፤ ማለትም ርግብግቡ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የሴቷም ይወርዳል፤ ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ይህን ያህል ከተመሳሰለ ከጉርምስና በፊት እንዴት እንለያቸዋለን? እ.ኤ.አ. በ1973 ሳክስ፣ ሊበርማንና ኤሪክሰን የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከ4 እስከ 14 ዓመት የሆናቸውን 26 ልጆች ድምፅ ቀድተው ለአድማጮች አሰሙ። አድማጮቹ ከመቶው 81 ያህሉን በትክክል ገመቱ። ቆየት ብሎም እ.ኤ.አ. በ2001 ፔሪና ባልደረቦቹ ከ4 ዓመት ጀምሮ ልዩነቱ የሚታየው በአውታሮቹ ርግብግብ ሳይሆን በዋሻው ቃና መሆኑን አመለከቱ።

ዋሻው ደግሞ በከፊል በእጃችን ነው። ፈገግ እንደማለት ከንፈርን ወደ ጎን ስንለጥጥ ያጥራል፤ ከንፈርን ስናሞጠሙጥ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የካርቴይና የባልደረቦቿ ጥናት ከ6 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው ልጆች «እንደ ወንድ ልጅ ተናገሩ»፣ «እንደ ሴት ልጅ ተናገሩ» ሲባሉ ማንም ሳያሳያቸው ድምፃቸውን ለውጠው ተናግረዋል። ትንሽም የአካል ልዩነት የለም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ልጅ አነጋገሩን ከአባት፣ ከእናትና ከእኩዮቹ እንደሚቀዳ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

አድማጩም ቢሆን ከልማድ ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሬቢና ባልደረቦቹ የጥቂት ወራት ሕፃናትን ለቅሶ ሲለኩ በወንዶቹና በሴቶቹ መካከል የቅጥነት ልዩነት አላገኙም። አዋቂዎቹ ግን ቀጭኑን ለቅሶ «የሴት»፣ ወፈር ያለውን «የወንድ» እያሉ ፈረዱ። ያንኑ አንድ ለቅሶ የወንድ ልጅ ነው ሲባሉ ደግሞ ወንዶች አድማጮች ሕፃኑ ይበልጥ እንደተጨነቀ ቆጠሩት። አያችሁ፣ ፍርዱ ከጆሮ በፊት ነው የተሰጠው!

ይህ ሁሉ ለመምህር ምን ይጠቅመዋል? አንደኛ፣ ሦስተኛ ክፍል ያለች ልጅ በሹክሹክታ ስትመልስ «ተፈጥሮዋ ነው፣ ድምፅ የላትም» ብለን አንለፍ። ማንቁርቷ አጠገቧ ተቀምጦ ከሚጮኸው ወንድ ልጅ አያንስም። ዝም እንድትል የተማረችው «ሴት ልጅ ድምፅዋ አይሰማም» እየተባለች ነው፤ የተማሩት ነገር ደግሞ በሌላ ትምህርት ይለወጣል። ጊዜ እንስጣት፤ «ጎሽ፣ ከኋላ ያሉትም ይስሙሽ» እንበላት።

ሁለተኛ፣ ድምፁ ቀጭን የሆነውን ወንድ ልጅ «ሴታሴት»፣ ጎርነን ያለችውን ልጃገረድ «ወንዳወንድ» ብለው ጓደኞቻቸው ሲያሾፉ መምህሩ አብሮ መሣቅ የለበትም። በተለይ ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ የወንዱ ድምፅ ሲሰነጣጠቅ ክፍሉ ይሥቅበታል፤ እሱም ከዚያ በኋላ እጁን አያወጣም። ለውጡ ሳይመጣ አስቀድመን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እናስረዳቸው።

ሦስተኛ፣ በመዝሙር ጊዜ ታናናሾቹን ወንድና ሴት ብሎ በድምፅ መክፈል አያስፈልግም። ወንድ መምህር ከሆንን ደግሞ በእኛ ወፍራም ድምፅ ልክ አስጀምረን ልጆቹን ማስጨነቅ የለብንም፤ ለእነሱ በሚመቸው ከፍታ እንጀምርላቸው።

አራተኛ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ ድምፁ የሻከረ ልጅ ካለ «ድሮም ድምፁ እንዲህ ነው» ብሎ መተው ስሕተት ነው። አብዝቶ ከመጮህ የተነሣ በአውታሮቹ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ሊወጡ ይችላሉ፤ ይህም ከጉርምስና በፊት በወንዶች ላይ ይበዛል። ለወላጆቹ ነግረን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ እናድርግ።

የምናስተምራቸው ልጆች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት መሣሪያ ይዘው ነው ወደ እኛ የሚመጡት። ማን ጮክ ብሎ እንደሚናገር፣ ማን አንገቱን እንደሚደፋ የሚወስነው ግን በአብዛኛው ቤትና ትምህርት ቤት ነው። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ስንት ወንድና ስንት ሴት ልጅ ድምፃቸውን እንዳሰሙ በደብተራችን ጥግ እንቁጠር። ቁጥሩ ስለ ልጆቹ ማንቁርት ሳይሆን ስለ እኛ አስተማሪነት ብዙ ይነግረናል እንላለን።