ውዱ ኪቦርድ ስንት ሚሊሰከንድ ይገዛልናል?

ኩዌት ውስጥ ሐወሊ፣ ኢብን ኻልዱን ጎዳና ላይ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች ጎራ ያለ ሰው በጥቂት ዲናር የሚሸጠውንና ብዙ እጥፍ የሚጠየቅበትን የጌም ኪቦርድ ጎን ለጎን ያያል። ልዩነቱ በአብዛኛው ያለው ከቁልፎቹ ሥር ነው።

በርካሹ ውስጥ ጣት የሚጫነው ላስቲክ ነው። በመካኒካሉ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሞላና ስዊች አለው፤ የጀርመኑ ቼሪ ቀይ ስዊች 2 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ይሠራል። በጣም ውድ ከሆኑት ብዙዎቹ ደግሞ ማግኔት አላቸው። ኤድዊን ሆል እ.ኤ.አ. በ1879 ባገኘው ክስተት መሠረት ከሥር ያለው ሴንሰር ማግኔቱ ምን ያህል እንደቀረበው ይለካል። ስለዚህ ኪቦርዱ የቁልፉን መጫን ብቻ ሳይሆን ጥልቀቱንም ያውቃል፤ ጣት ጥቂት ቀና ሲል ወዲያው ይለቃል። እንደ ካውንተር ስትራይክ ባሉ ጌሞች በትክክል ለመተኮስ ቀጥ ብሎ መቆም ስለሚያስፈልግ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው።

ማስታወቂያው አጉልቶ የሚጽፈው ግን በሰከንድ 8,000 ጊዜ መረጃ መላኩን ነው። 1,000 ጊዜ የሚልከው ኪቦርድ በየ1 ሚሊሰከንዱ ስለሚልክ፣ ትርፉ ከ1 ሚሊሰከንድ ያንሳል። ባለ 60 ኸርትዝ ስክሪን ግን አንድ ምስል ለመቀየር 16.7 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ የሚጓዘው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኩዌት ፍራንክፈርት ካለ የጌም ሰርቨር ደርሶ መልስ፣ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ፣ ወደ 40 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ሳልሚያ ተቀምጦ የሚጫወት ልጅ ጌሙ ባህሬን ሰርቨር ካለው እሱን ቢመርጥ ያለ ምንም ወጪ ከየትኛውም ኪቦርድ የበለጠ ይፈጥናል።

በገንዘብ የተገዛ ብልጫ ሊከለከልም ይችላል። የካውንተር ስትራይክ ሠሪው ቫልቭ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ተቃራኒ የመንቀሳቀሻ ቁልፎችን በራሱ የሚያቀያይረውን የኪቦርድ ዘዴ ከካውንተር ስትራይክ 2 ይፋዊ ሰርቨሮች አግዷል።

ለኩዌት እኔ ከፍጥነት የማስቀድመው አቧራን ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 በረራ ያስቆመው አቧራ ቤትም ይገባል። ስዊች ውስጥ ሲገባ ቁልፉ አንዴ ተጭነውት ሁለቴ ይጽፋል፣ ወይም ጭራሽ እምቢ ይላል። ስዊቹ ያለ ብየዳ የሚነቀል ከሆነ የተበላሸውን ብቻ መቀየር ይቻላል። የማግኔቱ ስዊች እርስ በርስ የሚነካካ ብረት ስለሌለው በዚህ ረገድ ይሻላል።

ስክሪንዎ 60 ኸርትዝ ከሆነ መካከለኛ ዋጋ ያለውን፣ ስዊቹ የሚነቀለውን መካኒካል ይግዙ፤ የተረፈውን ዲናር ለስክሪን ያስቀምጡ። ባለ ማግኔቱ ኪቦርድ ግን ፈጣን ስክሪን ኖሮት በውድድር ለሚጫወት ይገባዋል። አገር ቤት ላለ ወንድም የሚልኩ ከሆነ ደግሞ ጥቂት መለዋወጫ ስዊች ይጨምሩበት።