ቫልቩ ተቀይሮ ኪኒኑ ለምን ቀጠለ?

መካነ ሰላም ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ ነው፦ «ልቤ ተሠርቷል፣ አዲስ ቫልቭ ገብቶልኛል፤ ታዲያ ዋርፋሪኑን ዕድሜ ልኬን የምውጠው ለምንድን ነው?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ በልጅነታቸው «ቶንሲል ነው» ተብሎ የታለፈ ሕመም ውሎ አድሮ ልባቸውን የጎዳባቸው። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ እዚሁ አገር ቤት ተቀድዶ መዳን ብርቅ አይደለም። ከዚያ በኋላ ስላለው ግን ብዙ አይወራም።

ሰው ሠራሹ ቫልቭ በአብዛኛው በደንብ ከተወለወለ ካርቦን የተሠራ ነው፤ ጣት ያንሸራትታል። ደም ሲነካው ግን በሰከንዶች ውስጥ ፕሮቲን ይለብሳል። ካኑላም ሆነ የኩላሊት እጥበት ማጣሪያ ከዚህ አያመልጥም። ከዚያ ወዲያ ሰውነት የሚያገኘው ካርቦኑን ሳይሆን ይህንን ልባስ ነው።

ልባሱ ደግሞ እንደ ገበያ ቦታ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይይዛል፣ ጉልበተኛው መጥቶ ያስለቅቃል። አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን በአንድ ሊትር ደም ፈሳሽ ውስጥ ከ35 እስከ 50 ግራም ስላለ ቀድሞ ይደርሳል። ሌላው ፕሮቲን፣ ፋይብሪኖጅን፣ ከ2 እስከ 4 ግራም ብቻ ነው፤ ግን አጥብቆ ይይዛል። እሱንም በተራው ሌላ ይተካዋል። ይህ መፈራረቅ በተመራማሪው በሊዮ ቭሮማን ስም ይጠራል። (ሰውየው በትውልድ አገሩ በሆላንድ ይበልጥ የሚታወቀው በገጣሚነቱ ነው። ደስ ይለኛል።)

አልቡሚን ቢለጠፍ ብዙም ጉዳት የለውም። ጣጣው ፋይብሪኖጅን ነው። ደም ውስጥ ሲንሳፈፍ ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚረዱት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) አልፈውት ይሄዳሉ፤ ከተለጠፈ ግን ቅርጹ ይለወጥና ተሸሽጎ የነበረ ጎኑ ይገለጣል። ፕሌትሌቶቹ እዚያ ላይ ይጣበቃሉ፣ ደሙም መርጋት ይጀምራል። የረጋው ደም ቫልቩን አላንቀሳቅስ ሊል፣ ተገንጥሎ አንጎል ከደረሰም ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል።

ዋርፋሪን መለጠፉን አያስቀረውም። ጉበት በቫይታሚን ኬ እየታገዘ የሚሠራቸውን ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች ነው የሚቀንሰው። ቫልቩ እስካለ ልባሱም አለ፤ ስለዚህ ኪኒኑም ይቀጥላል።

ጎመን የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው፤ ቫይታሚን ኬ የሞላበት ስለሆነ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ጎመን በየቀኑ ማዕድ ላይ ሲቀርብ መድኃኒቱ ሊደክም ይችላል፤ ፋሲካ ደርሶ በሥጋ ሲተካ ደግሞ ሊበረታና ሊያደማ ይችላል። ጎመን ተዉ አልላችሁም፣ መጠኑ አይዋዥቅ ነው የምለው። ጾም ሲያዝም ሲፈታም አይ ኤን አር (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚለካውን ምርመራ) ተመርመሩ፤ የኪኒኑን መጠን ግን ያለ ሐኪም አትንኩ።