አንቲቦዲ የማይሠራው ልጅ

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ትኩረቱ ሥጋ ደዌ ነበር። እዚያው ግቢ በ1970 የተከፈተው የአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም የተነሣው ሰውነት ይህን በሽታ እንዴት እንደሚከላከል ለማጥናት ነው። ሥጋ ደዌ በጠናበት ሰው ደም ውስጥ አንቲቦዲ የተባለው ጀርም ተከላካይ ፕሮቲን በብዛት ይገኛል፤ ግን አያድነውም። ባክቴሪያው ሕዋስ ውስጥ ስለሚደበቅ የሚያሸንፉት ቲ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው።

ታዲያ አንቲቦዲ ለምን ይጠቅማል? መልሱ እ.ኤ.አ. በ1952 ከአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ተገኘ። ደሙ በባክቴሪያ እየተመረዘ ደጋግሞ የሚታመመውን ይህን ልጅ የመረመረው አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ኦግደን ብሩተን፣ አንቲቦዲ የሚገኝበትን የደም ፕሮቲን ጨርሶ አጣው። ከሌሎች ሰዎች ደም የተጣራ አንቲቦዲ በየወሩ ሲወጋው ልጁ ተሻለው። ለሕመሙ መንስኤ የሆነው፣ ጉድለት ያለበት ጂን የታወቀው ግን በ1993 ነው።

ጂኑ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ የሚታመሙት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። እናት ራሷ ሳትታመም ልታወርስ ትችላለች፤ ጥፋተኛ ግን አይደለችም።

ሕመሙ ያለበት ሕፃን ጤነኛ መስሎ ይወለዳል፤ በማህፀን ሳለ ከእናቱ የተቀበለው አንቲቦዲ ለጥቂት ወራት ይጠብቀዋል። ያ ሲያልቅ፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር በኋላ፣ ጆሮው መግል ያፈሳል፤ የሳንባ ምች ይይዘዋል። በአንቲባዮቲክ ይሻለዋል፣ ብዙም ሳይቆይ ያገረሽበታል። ቶንሲሉም እጅግ ትንሽ ነው፣ ወይም ጭራሽ አይታይም።

ደጋግሞ የሚታመም ልጅ ኤችአይቪ መመርመሩ ተገቢ ነው። ሆኖም ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገው አንቲቦዲን ነውና፣ አንቲቦዲ በማይሠራ ልጅ ላይ «ነፃ» የሚለው ውጤት አያስተማምንም፤ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. የጀመረችው የሳንባ ምች ክትባት ብዙ ሕፃናትን ሲጠብቅ ለዚህ ልጅ እምብዛም አይረዳውም። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ ደግሞ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለበት፣ አልፎ አልፎ አንጀቱ ውስጥ ቆይቶ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ለጤነኛ ልጆች ግን ጠብታው ጋሻ ነው፤ በዚህ ሰበብ ማንም ሊያስቀርባቸው አይገባም።

መድኃኒቱ ዛሬም ያው ነው፦ ከሺዎች ለጋሾች ፕላዝማ የሚጣራ ኢሚዩኖግሎቡሊን። የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ዕድሜ ልክም ይወሰዳል። በጊዜ የጀመረ ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ያድጋል። ሳይጀምር የዘገየ ልጅ ግን ሳንባው እስከወዲያኛው ይጎዳል። ስለዚህ አንድ ሕፃን በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ከያዘው፣ ወይም በእናቱ ወገን በሕፃንነታቸው የሞቱ ወንዶች ካሉ፣ ወላጅ ይህንን ለሐኪሙ ይንገር፤ በደሙ ያለው የአንቲቦዲ መጠን እንዲለካም ይጠይቅ።