የታሸገው ስም

የዲዦን አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1740 የተመሠረተ የፈረንሳይ ምሁራን ማኅበር ነው። ድሮ ለድርሰት ውድድር ጥያቄ ያወጣ፣ ይዳኝ፣ የወርቅ ሜዳሊያ ይሸልም ነበር። ስለ ማኅበሩ ይህ ይበቃል፤ እኔን የሚማርከኝ መዝገቡ ነው።

በተለይ የስም አስተሻሸጋቸውን እወደዋለሁ። ተወዳዳሪው ድርሰቱ ላይ ስሙን አይጽፍም ነበር፤ የመረጠውን ጥቅስ ብቻ ያሰፍር ነበር። ስሙን በሌላ ወረቀት ጽፎ ያሽግና ከላዩ ያንኑ ጥቅስ ይጽፍበት ነበር። ዳኞች ፊት ይቀርብ የነበረው ቁጥር የተሰጠው ጽሑፍ እንጂ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ወዳጅ አልነበረም። በ1750 ያሸነፈው ቁጥር 7 ነበር፤ ጥቅሱም ከሮማዊው ባለቅኔ ከሆራስ የተወሰደ። ባለቤቱ ያን ጊዜ እምብዛም የማይታወቀው ዣን ዣክ ሩሶ ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚገልጠው ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ ነው። ይህ ስሕተት ነው! አሸናፊውማ ይታተማል፣ በምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ስሙ ይደረደራል። የተሸናፊው ነገር ያለው ቃለ ጉባኤው ውስጥ ነው። ሩሶ በ1754 በሰዎች መካከል ስላለው አለመተካከል ለዚያው አካዳሚ ሌላ ድርሰት ላከ። ሽልማቱን ታልቤር የተባለ ካህን ወሰደ። ቃለ ጉባኤው እንደሚለው ዳኞቹ የሩሶን ድርሰት አንብበው አልጨረሱትም፤ አንዱ ምክንያት ርዝመቱ ነበር። በ1755 ታትሞ እስከ ዛሬ የሚነበበው ግን እሱ ነው።

በ1840 ደግሞ የዴንማርክ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ብቸኛ ተወዳዳሪው የነበረውን ጀርመናዊ ፈላስፋ ሾፐንሃወርን ሳይሸልመው ቀረ፤ ታላላቅ ፈላስፎችን አቃልሏል ከሚል ወቀሳ ጋር። ሾፐንሃወር ድርሰቱን ሲያሳትም አለመሸለሙን ርዕስ ገጹ ላይ አተመው።

አንድ ጊዜ የተማሪዎች የድርሰት ውድድር ዳኛ ነበርኩ። አንዲት ልጅ ስለ ሰፈሯ ወፍጮ ቤት በእርሳስ ጽፋ ነበር፤ ዱቄት የለበሰውን ሚዛን አሁንም አየዋለሁ። አላሸነፈችም። በሳምንቱ ወረቀቷን ብጠይቅ የወደቁት ሁሉ ከነማስታወሻችን ተጥለዋል አሉኝ። ከዓመታት በኋላ አዘጋጆቹ ለአሥረኛ ዓመት በዓላቸው ታሪክ ሲፈልጉ የዋንጫ ፎቶ ብቻ አገኙ።

ውድድር የምታዘጋጁ ሰዎች፣ እባካችሁ የወደቁትን ወረቀቶች አትጣሉ። ከዳኞቹ ቃለ ጉባኤ ጋር ጠርዛችሁ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። የሚፈጀው አንድ ካርቶን ነው።