የሚያንኳኳ ሞተር፦ ድምፁ ከላይ ነው ወይስ ከታች?

ድሬዳዋ፦ የድሬዳዋና የሐረር ጎዳናዎች ከሚታወቁባቸው ነገሮች አንዱ ለአሥርተ ዓመታት በታክሲነት ያገለገሉት ፔጆ 404 መኪኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ የቀረበችውና ቅርጿን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የነደፋት ይህች መኪና በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር አሸንፋለች። ይሁንና ጥንካሬዋ ከእርጅና አያድናትም። ዋሂልን ከመሰሉ የገጠር አካባቢዎች ሰውና ምርት ጭኖ በአቧራማ መንገድ የሚመላለስ ማንኛውም አሮጌ ተሽከርካሪም ውሎ አድሮ ማንኳኳትና መላላት ይጀምረዋል።

ባለንብረቱ በቅድሚያ ሊለየው የሚገባው ድምፁ ከሞተሩ ወይም ከሌላ አካል መምጣቱን ነው። መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ቤንዚን ሲሰጠው ድምፁ አብሮ የሚፈጥን ከሆነ መነሻው ሞተሩ ነው። በጉዞ ላይ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ግን የጎማ ኩሽኔታ፣ ኃይል አስተላላፊው ዘንግ ወይም ዲፈረንሻሉ ይፈተሻል።

የሞተር ድምፅ በሁለት ይከፈላል። ከላይ፣ ከቴስታታው አካባቢ የሚሰማው ቀጭን የ“ቲክ ቲክ” ድምፅ ብዙውን ጊዜ የቫልቭ ክፍተት መስፋቱን ያመለክታል። ቫልቮችን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ የሚዞረው በዋናው ዘንግ ፍጥነት ግማሽ በመሆኑ የድምፁ ምት ዘገም ያለ ነው። ይህ በማስተካከያ የሚፈታ ችግር ነው።

ከታች የሚመጣው ወፍራም ማንኳኳት ግን አደገኛ ነው። የቤንዚን መርገጫው ሲለቀቅ ጎልቶ የሚሰማ ከሆነ የቢዬላ ብሮንዚን ማለቁን፣ ሞተሩ ሸክም ሲበዛበት በድፍኑ የሚያጓራ ከሆነ ደግሞ የዋናው ዘንግ ብሮንዚን ማለቁን ይጠቁማል። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲሠራ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋው ድምፅ የፒስተንና የሲሊንደር ክፍተት መስፋት ምልክት ሊሆን ይችላል።

የትኛው ሲሊንደር እንደሚያንኳኳ ለማወቅ ባለሙያው ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶችን በየተራ፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መያዣ ይነቅላል። አንዱ ሲነቀል ማንኳኳቱ ከቀነሰ ችግሩ በዚያ ሲሊንደር ቢዬላ ወይም ፒስተን ላይ ነው፤ የቫልቭ ድምፅ ግን በዚህ አይለወጥም። ረጅም እንጨት አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮ ላይ አድርጎ ማዳመጥም ይረዳል። ይህ ሲደረግ ከማራገቢያውና ከቺንጋው መራቅ ግድ ነው።

የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ብቻ የሚሰማ የ“ቅርጭ ቅርጭ” ድምፅ ሁልጊዜ የአካል ማለቅ አይደለም። ብልጭታው ጊዜውን ቀድሞ ሲመጣ ወይም ቤንዚኑ ለሞተሩ የማይመጥን ሲሆንም ይከሰታል። ስለዚህ ሞተር ከመፍታት በፊት የብልጭታውን ጊዜ ማስተካከል ይቀድማል።

መላላትም የራሱ ምልክት አለው። ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ሞተሩ የሚናወጥ ከሆነ የተቀመጠባቸው ጎሚኒዎች መሰንጠቃቸው ይጣራል። መኪናው በክሪክ ተነስቶና ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ተደግፈው የፊት ጎማው ላይና ታች ሲነቀነቅ ከተላወሰ ኩሽኔታው፣ ግራና ቀኝ ብቻ ከተላወሰ ደግሞ የመሪው መገጣጠሚያዎች ይጠረጠራሉ።

ለፔጆ 404 መለዋወጫ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ዋና ዘንግ በ3፣ የኋለኞቹ ደግሞ በ5 ብሮንዚኖች ላይ የሚዞር ነው። የሲሊንደሩ ሸሚዝ ተነቃይ በመሆኑም ሲያልቅ ብሎኩን ሳይቦርሹ መለወጥ ይቻላል።

ከታች የሚያንኳኳ ሞተር “ጋራዥ እስኪደርስ” ተብሎ መነዳት የለበትም። ያለቀ ብሮንዚን በጊዜው ሲለወጥ ዋናው ዘንግ ይተርፋል፤ ሲዘገይ ግን ቢዬላው ተሰብሮ ብሎኩን ሊበሳ ይችላል። ለመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተርም ሕጉ ያው ነው፦ ማጥፋት፣ የዘይቱን መጠን ማየት፣ ከዚያም ባለሙያ መጥራት። ዘይትንና የአየር ማጣሪያን በወቅቱ መለወጥ ደግሞ አቧራ በሚበዛበት አካባቢ ከሁሉም የሚቀድም ጥንቃቄ ነው።