የፈሰሰው ወተት ምስጢር

ባለፈው ዓመት ወንድሜ ከውጭ አገር ቴሌስኮፕ ላከልኝ። ሰባተኛ ባለው ግቢያችን ተክዬ ጁፒተርን ለጎረቤት ላሳይ ተነሣሁ። መጀመሪያ ያዩት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን ነበሩ።

«እማማ፣ ምን ይታይዎታል?»

«ልጄ፣ የፈሰሰ ወተት ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። እኔም አፍሬ ልሸጠው ወሰንኩ፤ መርካቶ መቼም ገዢ አይጠፋም። ለካስ ዕቃው አልተበላሸም፤ መስታወቶቹ በመንገድ እየተንገጫገጩ ከመስመር ወጥተው ኖሯል።

አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 በሠራው ዓይነት ቴሌስኮፕ ውስጥ ሁለት መስታወቶች አሉ። ጎድጎድ ያለው ዋናው መስታወት ከቱቦው ግርጌ ሆኖ ብርሃን ይሰበስባል። ትንሹ ጠፍጣፋ መስታወት ደግሞ በቱቦው አፍ በኩል በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ብርሃኑን በጎን ወዳለው የዓይን ሌንስ ይመልሳል። አንዳቸው ጥቂት ከተጣመሙ ኮከቡ ጅራት ያወጣል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከምናለሽ ተራ የድሮ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም መያዣ ፕላስቲክ አገኘሁ። ታቹን ቆርጬ፣ ክዳኑን መሃል ለመሃል በስቼ በዓይን ሌንሱ ቦታ ከተትኩት። ከዚያ ቱቦውን አጋደምኩ፤ ካቻቢቴ ቢያመልጥ መስታወቱ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ይህ በቀን የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ቱቦውን ወደ ፀሐይ ማዞር ፈጽሞ አይገባም።

በቀዳዳው እያየሁ የትንሹን መስታወት ሦስት ብሎኖች በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩ፤ የዋናው መስታወት ጠርዝ ዙሪያውን እስኪታየኝ ድረስ። ቀጥሎ ከግርጌ ያሉትን የዋናውን ብሎኖች አስተካከልኩ፤ የቀዳዳዬ ነጸብራቅ በመስታወቱ መሃል ካለው ምልክት ላይ ሲያርፍ አቆምኩ። ሁሉም አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

የመጨረሻው ፈተና በኮከብ ነው። ሰሜናውያን ከቦታው እምብዛም በማይንቀሳቀሰው የሰሜን ኮከብ ይፈትሻሉ። እኛ ዘንድ ግን ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል አየሩ ያርገበግበዋል፤ በየካቲት ምሽት ከፍ ብሎ የሚታየው ሲሪየስ ይሻላል። ኮከቡን መሃል አድርገው ጥራቱን ጥቂት ሲያደበዝዙት ክብ በክብ ውስጥ ከታየ መስመሩ ተስተካክሏል። ክቦቹ ወደ አንድ ጎን ከተጠጉ ግን የዋናውን ብሎን እንደገና ነካ ማድረግ ነው።

እንጦጦ ላይ ያሉት፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖችም ከዚህ ሕግ አያመልጡም፤ መስታወት ከመስመሩ ከወጣ ትልቅነቱ አያድነውም።

በማግሥቱ ማታ እማማን እንደገና ጠራኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ባለ መቀነት ነው። አጠገቡ ሦስት ነጥቦች ተሰልፈዋል» አሉ።

የጁፒተር ጨረቃዎች ነበሩ። አራተኛዋ ያን ሰዓት አልታየችም። ቴሌስኮፑንም አልሸጥኩትም።