ብቸኞቹ ቁጥሮችና የአንድ ተማሪ ጥያቄ

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ ከመጀመርዎ በፊት እርሳስና ቁራጭ ወረቀት ቢያቀርቡ መልካም ነው። የሒሳብ ነገር እጅን አጣጥፎ የሚነበብ አይደለምና። «ሒሳብንስ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ተሰናብቼዋለሁ» የሚሉ ቢሆኑም አይሥጉ፤ ማባዛትና ማካፈል ካልረሱ ይበቃል።

60 ብለው ይጻፉ። አሁን ይህን ቁጥር ወደ ብዜት ይበትኑት። አንዱ አንባቢ 6 × 10 ይላል፤ ሌላው 4 × 15፤ ሦስተኛው 5 × 12። ሦስቱም ልክ ናቸው። ነገር ግን በዚህ አያቁሙ፤ የተገኙትንም መልሰው ይበትኑ፤ ሊበተን የሚችል እስኪጠፋ ድረስ። 6 ወደ 2 × 3፣ 10 ወደ 2 × 5 ይፈርሳል። 4 ደግሞ 2 × 2፣ 15 ደግሞ 3 × 5 ነው። 12ም እንዲሁ 2 × 2 × 3 ይሆናል። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ መጨረሻ ላይ ከእጅዎ የሚቀሩት 2፣ 2፣ 3 እና 5 ናቸው።

እነዚህ ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው፣ ከዚያ ወዲያ የማይበተኑት ቁጥሮች ብቸኛ ቁጥሮች ይባላሉ። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያሉ ይቀጥላሉ። ከ1 እስከ 100 ድረስ 25 አሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ኤራቶስቴንስ እነርሱን የሚያበጥርበት ወንፊት ሠርቶ ነበር፤ ይኸውም ቁጥሮቹን በተራ ጽፎ የ2ን ብዜቶች፣ የ3ን ብዜቶች፣ የ5ን ብዜቶች እያሉ መሰረዝ ነው። በወንፊቱ ላይ ሳይሰረዙ የቀሩት ብቸኞቹ ናቸው።

ባለፈው ዓመት ይህንኑ የ60 ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስረድቼ ስጨርስ፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ብዙ የማይናገር አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፤ 60 ትንሽ ቁጥር ነው። በጣም ትልቅ ቁጥር ቢሆንና እኔ በአንድ መንገድ፣ ጓደኛዬ በሌላ መንገድ ብንበትነው፣ መጨረሻ ላይ ያው ቁጥሮች እንደሚወጡልን በምን ያውቃሉ?» አለኝ።

እኔም «ይኼማ ግልጽ ነገር ነው» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁም ተቀመጠ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ግን መንገዱ ረዘመብኝ። ምክንያቱም ነገሩ ግልጽ አለመሆኑን በኮሌጅ ሳለሁ ተምሬው ነበር፤ ተምሬውም ረስቼው ነበር። ለጥያቄው መልስ ስላጣሁ ጠያቂውን ሞኝ አደረግሁት ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ጽሑፍ የሚያጽፈኝ የዚያ ቀን እፍረት ነው።

ግልጽ አለመሆኑን እንዲያዩት፣ ሙሉ ለሙሉ ጎዶሎ ቁጥር የማይታወቅበትን አንድ አገር በሐሳብዎ ይፍጠሩ። በዚያ አገር ያሉት ቁጥሮች 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 ብቻ ናቸው። እዚያ 6ን ወደ ብዜት መበተን አይቻልም፤ 3 የለምና። ስለዚህ 6 በዚያ አገር ብቸኛ ነው። 2ም ብቸኛ ነው፤ 18ም እንዲሁ። አሁን 36ን ይበትኑ። አንዱ 6 × 6 ይላል፤ ሌላው 2 × 18 ይላል። ሁለቱም እስከ መጨረሻው በትነዋል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ውጤታቸው ግን ለየቅል ነው። እነሆ የተማሪዬ ጥርጣሬ እውነት የሆነበት አገር!

በእኛ የቁጥር አገር ይህ እንዳይሆን የሚጠብቀን ምንድር ነው? መልሱን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የኖረው ኤውክሊድ ትቶልናል። እርሱ ያለው እንዲህ ነው፤ አንድ ብቸኛ ቁጥር የሁለት ቁጥሮችን ብዜት ያለ ቀሪ የሚያካፍል ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱን የግድ ያካፍላል። በዚያ በጎዶሎ አልባው አገር ይህ ሕግ ይጠፋል፤ 6 የ2ንና የ18ን ብዜት፣ 36ን፣ ያካፍላል፤ 2ን ግን አያካፍልም፤ 18ንም ቢሆን አያካፍልም፤ 3 የለምና።

ማረጋገጫው አጭር ነው፤ እርሳስዎን ያንሡ። 7ን ብቸኛ ቁጥር አድርገን እንውሰድ፤ 10ን አያካፍልም። 7 የ10ንና የሌላ ቁጥርን ብዜት ያካፍላል እንበል፤ ያን ሌላ ቁጥር «ለ» እንበለው። 7 × 3 − 10 × 2 = 1 መሆኑን ልብ ይበሉ። ይህን ሁሉ በለ ያባዙት፤ 7 × 3 × ለ − 10 × ለ × 2 = ለ ይሆናል። በግራ በኩል ያለው የመጀመሪያው ክፍል 7 ስላለበት በ7 ይካፈላል። ሁለተኛውም 10 × ለ ስላለበት፣ እንዳልነው በ7 ይካፈላል። የሁለቱ ልዩነት ለ ነው፤ እንግዲያውስ ለም በ7 ይካፈላል። አለቀ። ለሌላ ብቸኛ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ትልቁን በትንሹ፣ ትንሹን በቀሪው፣ ቀሪውን በቀሪው እያካፈሉ ቢሄዱ ሁልጊዜ ወደ 1 ይደርሳሉ። የነገሩ ቁልፍ ያች 1 ናት። በጎዶሎ አልባው አገር የጠፋችውም እርሷ ናት።

ይህን ሕግ ከያዙ የቀረው ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች አንድን ቁጥር በሁለት መንገድ ቢበትኑ፣ የአንዱ እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር የሌላውን ብዜት ስለሚያካፍል፣ ከሌላው ዝርዝር ውስጥ አንዱን ማካፈል አለበት። ብቸኛን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ደግሞ ያው ራሱ ነው። አንድ በአንድ እየሰረዙ ይሄዳሉ፤ ትርፍም ጉድለትም አይገኝም። ጀርመናዊው ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ በ1801 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በግልጽ ቃል አስፍሮ አረጋገጠው።

«ለምን ይጠቅማል?» የሚሉ ካሉ፣ ከቤታችን አንድ ምሳሌ ልስጥ። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ካህናት ዐቢይ ቀመር የሚሉት 532 ዓመት ነው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ቢበትኑት 2 × 2 × 7 × 19 ይሆናል። አራቱ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ የሚዞሩት ዘመነ ወንጌላውያን ናቸው፤ ሰባቱ የሳምንቱ ቀናት ናቸው፤ 19ኙ ጨረቃና ፀሐይ ተራርቀው የሚገናኙበት ንዑስ ቀመር ነው። 4፣ 7 እና 19 ምንም የጋራ ብቸኛ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ሦስቱ ዑደቶች አንድ ላይ ተነሥተው እንደገና አንድ ላይ ለመገናኘት ሙሉውን ብዜት፣ 532 ዓመትን፣ መጠበቅ አለባቸው። ዑደቶቹ 4ና 6 ቢሆኑ ኖሮ 24 ሳይሆን በ12 ይገናኙ ነበር፤ 2ን ይጋራሉና። ማዕከላዊ ቀመር የሚባለውም 76 ከ4ና ከ19 የወጣ ነው። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት «ትንሹ የጋራ ብዜት» እያልን ስንሰለች፣ ሊቃውንቱ በዚያው ዘዴ ፋሲካን ሲያወጡ ኖረዋል።

ወደ አልጀብራ እንሻገር። በፈተና ላይ ሀ³ − 2ሀ² − 4ሀ = 7 የሚል ጥያቄ ቢመጣና ሀ ሙሉ ቁጥር ሆኖ እንዲገኝ ቢጠየቁ፣ ከየት ይጀምራሉ? ስንት ቁጥር ይሞክራሉ? መቶ? ሺህ? ነገር ግን ግራውን በሀ ቢያወጡት ሀ × (ሀ² − 2ሀ − 4) = 7 ይሆናል። እንግዲህ ሀ 7ን ያካፍላል። 7 ብቸኛ ስለሆነ ሀ ከ1፣ ከ7፣ ከ−1 ወይም ከ−7 አያልፍም። አራቱን ይሞክሩ፤ −5፣ 217፣ 1 እና −413 ይወጣሉ፤ አንዱም 7 አይሆንም። ስለዚህ መልስ የሚሆን ሙሉ ቁጥር ፈጽሞ የለም። አራት ሙከራ አድርጎ ስለ ቁጥሮች ሁሉ በእርግጠኝነት መናገር! እኔ በበኩሌ አልጀብራን የወደድኩት በዚህ ነው።

አሁን ወደ እፍረቴ ልመለስ፤ ብቻዬን እንዳልሆንኩ የሚያጽናናኝ ታሪክ አለና። መጋቢት 1 ቀን 1847 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ጋብርኤል ላሜ የተባለ ስመ ጥር ሊቅ ተነሥቶ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሊቃውንትን ያስቸገረውን የፌርማን ጥያቄ እንደ ፈታ አስታወቀ። ጥያቄው ሁለት ኩቦች ተደምረው ኩብ፣ ወይም ሁለት አምስተኛ ኃይሎች ተደምረው አምስተኛ ኃይል፣ እንደዚሁም ከዚያ በላይ ያሉት ሊሆኑ አይችሉም የሚል ነው። ላሜ ከተራ ቁጥሮች ወጥቶ፣ በአዲስ ዓይነት ቁጥሮች ድምሩን ወደ ብዜት በተነው። ሐሳቡም ከባልደረባው ከዮሴፍ ሊዩቪል ጋር በመነጋገር የመጣ መሆኑን በትሕትና ተናገረ።

ሊዩቪል ግን ምስጋናውን አልተቀበለም። ተነሥቶ፣ በእነዚያ አዳዲስ ቁጥሮች ዘንድ የመበተኑ ውጤት አንድ ብቻ ለመሆኑ ማረጋገጫው የት አለ? የሚል ጥያቄ አቀረበ። የኋላ ወንበሩ ተማሪዬ ጥያቄ ይኸው ነው! ላሜም እንደ እኔ ነገሩን ግልጽ አድርጎ ወስዶት ኖሯል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከጀርመን ኤርንስት ኩመር የሚባል ሊቅ ለሊዩቪል ደብዳቤ ጻፈ፤ ላሜ የተማመነበት ነገር በአንዳንድ ቦታ እውነት አለመሆኑን ከሦስት ዓመት በፊት አሳትሞ ነበርና።

እንዴት እንደሚፈርስ በትንሽ ምሳሌ ይመልከቱ። በራሱ ሲባዛ −5 የሚሆን ቁጥር እንዳለ ቆጥረን «መ» እንበለው። (1 + መ) × (1 − መ) ቢያባዙ 1 − መ² ያገኛሉ፤ ይኸውም 1 − (−5) = 6 ነው። 6 ደግሞ 2 × 3 ነው። በዚያ የቁጥር አገር 2ም፣ 3ም፣ 1 + መም፣ 1 − መም ከዚያ ወዲያ የማይበተኑ ናቸው። እንግዲህ 6 ሁለት ዓይነት ፍጻሜ አለው። ኩመር ይህን ስብራት ለመጠገን ከጀርባ የማይታዩ «ሐሳባዊ ቁጥሮች» አሉ ብሎ አሰበ፤ ሪቻርድ ዴዴኪንድ ደግሞ በ1871 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን በሌላ መልክ አሰናዳው። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ከፍተኛ አልጀብራ ትልቁ ክፍሉ ከዚህ ጥገና የበቀለ ነው። የፌርማ ጥያቄ ራሱ እንግሊዛዊው አንድሩ ዋይልስ በ1994 እ.ኤ.አ. እስኪጨርሰው ድረስ ቆየ።

ውጤቱ አንድ ብቻ መሆኑን ማወቅ ግን ውጤቱን ማግኘት አይደለም። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን ሜርሰን በ1644 እ.ኤ.አ. 67 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር ብቸኛ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። በ1876 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ሉካስ ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ አካፋዮቹን ግን ማንም አላወቀም። በጥቅምት 1903 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ፍራንክ ኮል የተባለ አስተማሪ ወደ ሰሌዳው ሄደ። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በአንድ በኩል 147,573,952,589,676,412,927 ጻፈ፤ በሌላ በኩል 193,707,721 እና 761,838,257,287 ጽፎ በእጁ አባዛቸው። ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆኑ። ዝም ብሎ ወደ ወንበሩ ሲመለስ ተሰብሳቢው አጨበጨበ ይባላል። ስንት ጊዜ ፈጀብህ ብለው ሲጠይቁት «የሦስት ዓመት እሑዶች» ብሎ እንደ መለሰም ይተረካል። ማባዛቱ የአንድ ሰዓት፣ መበተኑ የሦስት ዓመት ሥራ!

በዚሁ የጉልበት ልዩነት ላይ ነው ሪቬስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ሰዎች በ1977 እ.ኤ.አ. ምስጢር መጻፊያ የሠሩት። ሁለት ታላላቅ ብቸኛ ቁጥሮችን አባዝተው ብዜቱን ለሰው ሁሉ ይገልጣሉ፤ ምስጢሩን መክፈት የሚችለው ግን ሁለቱን የሚያውቅ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት 129 አኃዝ ያለው ቁጥር በመጽሔት አውጥተው ለሚበትነው 100 ዶላር ወረቱ። በ1994 እ.ኤ.አ. 600 ያህል በጎ ፈቃደኞች ኮምፒዩተራቸውን አስተባብረው በተኑት። ከዚያ ወዲህ የሚሠራባቸው ቁጥሮች በመቶ የሚቆጠሩ አኃዞች አሏቸው። የባንክ ገንዘብዎን ወይም የመሥሪያ ቤትዎን ደብዳቤ በኢንተርኔት ሲልኩ ከሚጠብቁዎት ዘቦች አንዱ ይህ ዘዴ ነው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያችን 7 × 3 − 10 × 2 = 1 በሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ ለተማሪው በክፍሉ ፊት «ጥያቄህ ትክክል ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ስለ ጎዶሎ አልባውም አገር ነገርኳቸው። ልጁ ምንም አልመለሰም። በሁለተኛው ቀን ግን ከደብተሩ የተቀደደ ወረቀት በጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ። 180 = 2 × 90 = 6 × 30 = 10 × 18 ይላል፤ ሦስት መንገድ ያለው ቁጥር መሆኑ ነው። ከሥሩም «አራት መንገድ ያለውስ አለ?» የሚል ጥያቄ ጽፎበታል።

እኔ ሁለት አግኝቻለሁ፤ ሁለቱም ከ500 በታች ናቸው። አንባቢ ሆይ፤ ወረቀቱና እርሳሱ በእጅዎ ነው።